ባሕር አለ በመሃል

መስከረም 14 ቀን 2006፣ ማክሰኞ

የጂኦግራፊው መጽሐፍ ስለ ርቀት ሲያስረዳ ምሳሌው ከለንደን እስከ ኒው ዮርክ ነው። መካነ ሰላም ላይ ተቀምጦ ለንደንን ማን ጉዳዬ ይለዋል? ተናደድኩና መጽሐፉን ዘጋሁት። ተማሪዎቼን «ከአዲስ አበባ እስከ ጅዳ ለኩ» አልኳቸው። ያንቀላፋው ክፍል ሁሉ ነቃ። ጅዳ ወይም ሪያድ እህት፣ አክስት፣ የአጎት ልጅ የሌለው ተማሪ የለም። በማስመሪያ ለክተው፣ በካርታው መስፈርት አባዝተው አንድ ሺህ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ አገኙ። ለአውሮፕላን ፍጥነት አካፈልነው፤ መነሣቱና ማረፉ ተጨምሮ ሁለት ሰዓት ተኩል ግድም መጣ። ከኋላ አልታየች የምትባል ልጅ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ እህቴ ሦስት ወር ነው የፈጀባት።»

በጅቡቲ አድርጋ፣ በጀልባ ተሻግራ፣ የመንን በእግሯ አቋርጣ ማለቷ ነው። «እኛ የምናሰላው በአየር ነው» አልኳት። ክፍሉ ሳቀ። በእሷ ይሁን በእኔ አልገባኝም። ሁሉንም ዝም አሰኘኋቸው።

ማታ። ሁለት ሰዓት ተኩል! ባለፈው ሳምንት እማን ደሴ ሐኪም ቤት ሳደርሳት ጎህ ሳይቀድ ተነሥተን የገባነው ከመሸ ነው። የጋቢና ቦታ ያገኘሁት ሾፌሩን አለምነውን ለምኜ፣ ተለማምጬ ነው። አቀስታ ሳንደርስ ጎማ ፈነዳ። ጉጉፍቱ ላይ ጉሙ መንገዱን ደፍኖት ቆመን ዋልን። እማ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «ልጄ፣ ጅዳ ይቀርባል እኮ» አለችኝ። የቀለደች መስሎኝ ሳቅኩ። ሐኪሙ ልቧ ነው አለ። መድኃኒት ሰጠን፣ «አታስጨንቋት» ብሎ መለሰን። በዚያ መንገድ እየተንገጫገጨች ልትመለስ፣ አታስጨንቋት!

መስከረም 17፣ ዓርብ

ፈርሂያ ደወለች። ታናሽ እህቴ ናት። በዑምራ ቪዛ ሄዳ እዚያው ቀረች፣ አራት ዓመቷ ነው። የመኖሪያ ፈቃድ የላትም፤ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች።

እማ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ትጮኻለች። «ፈርሂያ! ትሰሚኛለሽ ወይ!» መንደሩ በሙሉ ይሰማል። «ቀስ በይ እማ፣ ጆሮዋ ሥር እኮ ነሽ» እላታለሁ። «ምኑን ቀስ እላለሁ፣ ባሕር አለ በመሃል!» ትለኛለች። አራት ዓመት ሙሉ ነገርኳት፣ አልገባትም። ዛሬ ከጮኸች በኋላ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ሲል ቆየ።

ከዚያ ፈርሂያ እኔን ፈለገችኝ። ፈቃድ ለሌለው ሁሉ ምሕረት ወጥቷል፤ እስከ ጥቅምት 24 እጁን የሰጠ ያለ ቅጣት፣ ያለ እስር አገሩ ይገባል ተብሏል።

«ምን ትለኛለህ አህመዲን? ልግባ? የእማ ድምፅ ደከመብኝ። ወላሂ እውነቱን ንገረኝ፣ ደህና ናት?»

«ደህና ናት፤ ጉንፋን ይዟት ነው» አልኩ።

አጎቴ ይማም ከጎኔ ተቀምጠው ነበር። ራሳቸውን ነቀነቁ። ስልኩን ስዘጋ፣ «ደግ አደረግህ። ሰው አገር ላለ ሰው ሕመም አይነገርም። ሰምታ ምን ልታደርግ? ከሰው ቤት ወጥታ ትሩጥ?» አሉኝ። እኔ እኮ ልነግራት ነበር። እሳቸው እንደ ዳኛ አጠገቤ ባይቀመጡ ኖሮ እነግራት ነበር። እዚህ አገር ሰው በገዛ እህቱ ጉዳይ እንኳ አፉን የሚከፍተው ሽማግሌ ሲፈቅድለት ነው!

ደግሞም እሷ በምትልከው ብር የምንሠራው ቤት ገና ነው። ቆርቆሮው ተመትቷል፤ በርና መስኮቱ፣ ወለሉ ይቀራል። ፈርሂያ ራሷ «እማ አዲሱ ቤት ሳትገባ አልመጣም» ብላ ነው የሄደችው። ቃሏን የሰጠችው እሷ ናት።

መስከረም 23፣ ሐሙስ

ስብሰባ። ከዞን የመጣ ሰውዬ ስለ ልማት ግማሽ ቀን አወራልን። አዲስ አውሮፕላን ተገዝቷል፣ አህጉር ከአህጉር ሳያርፍ ይበራል፣ ኩሩ አለን። ያላጨበጨበ የለም። እጄን አወጣሁ። «ከዚህ ደሴ የሚያደርሰንስ መቼ ይገዛልን?» አልኩት። ከኋላ ሳቅ ተሰማ። ሰውዬው አልሳቀም። የመንገዱ ጉዳይ በሂደት ላይ እንደሆነና የእኔ አስተያየት ገንቢ እንዳልሆነ ነግሮኝ ስሜን ጠየቀ።

ስንወጣ የሂሳብ መምህሩ ደሳለው፣ ባልንጀራዬ ነው፣ ክንዴን ይዞ ሳቀብኝ። «አንተ ሰውዬ በሁሉ ትናደዳለህ። የምትናደድበትን ሰው ግን ገና አላገኘኸውም።»

ምን ማለቱ ነው? ለነገር አይሰንፍም።

ጥቅምት 1፣ ዓርብ

እማ ተኝታ ዋለች። አጥሚቱን ቀምሳ መለሰችው። «ፈርሂያ መቼ ነው የምትመጣ?»

«ኢንሻ አላህ፣ ለአረፋ» አልኳት።

ለእናት ትመጣለች፣ ለልጅ ደህና ናት። ሁለቱንም የምናገረው እኔ ነኝ፤ ሌላው ሁሉ በኔ አፍ ተማምኖ ይተኛል። ማን አስቦልኝ ያውቃል?

ጥቅምት 5፣ ማክሰኞ፣ አረፋ

አገሩ ሞላ። ከአዲስ አበባ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሁመራ ሳይቀር የመጣ አለ። ከከላላ የእናቴ ታናሽ እህት አክስቴ ፋጢማ በበቅሎ መጣች። እማ ትራስ አስደግፉኝ፣ ነጩን ልብሴን አልብሱኝ አለች። ዓይኗ በሩ ላይ ነው። ሰው በገባ ቁጥር ቀና ትላለች።

ከሰላት በኋላ ፈርሂያ ደወለች። ኔትወርኩ የተረገመ ነው! አንዴ ተቆረጠ፣ ሁለቴ ተቆረጠ። በሦስተኛው እማ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችና ባላት አቅም ሁሉ ጮኸች። «ፈርሂያ! ነይ!»

ተቆረጠ።

ማታ እማ ከተኛች በኋላ እንደገና ደወለች። «ቅድም እማ ምን አለችኝ? ተቆረጠ እኮ።»

ቤቱ እንግዳ ሞልቶታል። አጎቴ ይማም ደጃፉ ላይ ናቸው። «ኢድ ሙባረክ ብላሻለች» አልኳት።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

አንድ አገር ሙሉ በአንድ ምሰሶ ላይ ተንጠልጥሎ ይደውላል፣ ከዚያ ስልክ ተስፋፋ ብለው በሬዲዮ ይነግሩናል። አንዲት እናት አንድ ቃል ጨርሳ መናገር ካልቻለች ምኑ ነው የተስፋፋው?

ጥቅምት 11፣ ሰኞ

እማ ዛሬ ጠዋት ሞተች። ኢናሊላህ። ከአስር ሰላት በፊት ቀበርናት።

ጥቅምት 12፣ ማክሰኞ

እንቅልፍ የለም። ልጻፍ።

ትናንት ከቀብር መልስ አጎቴ ይማም ሰውን ሁሉ ሰበሰቡ። ጅዳ ልጅ ያለው፣ ሪያድ እህት ያለችው፣ ስልክ ያለው ሁሉ ተጠርቶ ቃል ገባ፤ ለፈርሂያ ማንም አይንገር። መርዶ በስልክ አይነገርም። ስትመጣ፣ በአገሯ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ሴቶቹ ግራ ቀኝ ይዘዋት ይነገራታል። ለነፍሷ የሚበላው ሰደቃም እስከዚያ ይቆይ።

«ሰው አገር ብቻዋን ሰምታ ማን ይይዛታል?» አሉ አጎቴ። «ማን ውኃ ይረጭባታል? ከፎቅ ራሷን ብትጥልስ? አንተ ልጅ፣ እንዲሁ የሆነችውን የወግዲዋን የኢብራሂምን ልጅ ረሳሃት ወይ?»

አልረሳሁም። ግን ተቃውሜያለሁ። በልቤ። በአፌማ ማን ይናገራል፣ ፂሙ የነጣ ሁሉ ከንፈሩን እየመጠጠ ዙሪያዬን ተቀምጦ! አንድ ጊዜ «አንቱ አጎቴ፣ ብንነግራትስ...» ብዬ ጀምሬ ነበር። «ብትነግራትስ ምን ልትጠቀም? እናቷን አታስነሣ» አሉኝ።

ሁለት ሰዓት ተኩል። እሑድ ማታ ብትነሣ... እሑድ ማታ ምን ብላ ትነሣለች? ማን ነግሯት? አይ፣ ይህን መጻፍ አልፈልግም። ጥፋቱ የመንገዱ ነው። ሐኪም ቤቱ ቀርቦ ቢሆን እማ ትድን ነበር። ጥፋቱ እህቶቻችንን በገፍ እየሸኘ በሬዲዮ ዕድገት የሚነግረን ሁሉ ነው።

ጥቅምት 14፣ ሐሙስ

የፈራነው ደረሰ። ፈርሂያ ደወለችና «እማን አገናኘኝ» አለች። ተኝታለች አልኩ። «ቀስቅሳት፤ ከአረፋ ወዲህ ድምጿን አልሰማሁም።» አጎቴ ይማም አክስቴ ፋጢማን በዓይናቸው ጠቀሷት። ድምጿ ከእማ ጋር ቁርጥ አንድ ነው፤ ልጆች ሆነን እንኳ ከጓዳ ስትጣራ እንሳሳት ነበር። ስልኩን ሰጠኋት።

በቀስታ፣ በሚያሳዝን ድምፅ፣ «ልጄ፣ ደህና ነኝ፣ አብሽሪ። ትንሽ ደክሞኝ ነው። ሥራሽን ሥሪ፤ እኔ ዱዓ አደርግልሻለሁ» አለች። ጎበዝ ናት። አንድ ቃል አልተሳሳተችም።

ከወዲያ ድምፅ ጠፋ። መስመሩ የተቆረጠ መሰለን። ብዙ ቆይቶ፣ «እሺ እማ። ዓፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ» አለችና ዘጋች።

አክስቴ መሬት ላይ ተቀመጠችና ሻሿን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ አለቀሰች። «ሞቷን ሰረቅኋት» ትላለች። እኔ አባበልኳት። ፈርሂያ አላወቀችም፣ አልሐምዱሊላህ።

ጥቅምት 19፣ ማክሰኞ

አናጢው መጥቶ «የእናትህን ክፍል ልቀጥል ወይስ ይቅር?» አለኝ። ጥያቄው አናደደኝ። ሰው ሞተ ተብሎ ቤት ይፈርሳል? ቀጥል አልኩት። በሩን በምን ቀለም ልቀባው ሲለኝ ሰማያዊ አልኩ፤ ያምራል።

ማታ ፈርሂያ ስትደውል ስለ ቤቱ ነገርኳት። «እማ በሩ ሰማያዊ ይሁን ብላለች» አልኳት። ደስ እንዲላት ነው።

«እማ ናት ያለች?»

«እማ ናት።»

«እንግዲያ ይሁን» አለች።

አንድ ነገር ልጻፍ። ከሐሙስ ወዲህ ሦስት ጊዜ ደውላለች፤ አንዴም እማን አገናኘኝ አላለችም። አንዴም! ቢገላግለንም ሆዴ ግን ሻከረ። ሰው እናቱን እንዲህ ይረሳል? ሳውዲ ልብ ታደርቃለች ሲሉ አላምንም ነበር።

ስለ ምሕረቱም እንደገና ጠየቀችኝ። አምስት ቀን ነው የቀረው። «ልግባ ወይስ ልቆይ?»

«እማ እንዳልሽው ይሁን ትላለች» አልኩ።

«እማን አልጠየቅሁም። አንተ ምን ትላለህ? አንተ አህመዲን።»

«እኔ ምን እላለሁ። አንቺ እንደመሰለሽ።»

በመሃል አንድ ሕፃን ከወዲያ ሲያለቅስ ይሰማ ነበር። የአሠሪዋ ልጅ ነው። «እሺ፣ ልሂድ» አለች።

ጥቅምት 24፣ እሑድ

የምሕረቱ የመጨረሻ ቀን። አልደወለችም። እኔም አልደወልኩም፤ ምን ልላት?

ደሳለው መጣ። ቁጭ ብሎ ቆየና «ንገራት» አለኝ። እንዲህ በቀላሉ። ጮኽኩበት። «የእናንተ የክርስቲያኖቹስ ደንብ አይደለም? አባትህ ሲሞቱ አንተ ማርቆስ ነበርህ። ማን ነገረህ?»

«ማንም። ‹አባትህ ትንሽ አሟቸዋል፣ ና› ብለው ጠሩኝ። ብርቱካን ገዝቼላቸው መጣሁ። ደጃፍ ስደርስ ድንኳን አየሁ።» ሊሄድ ተነሣ። «እስካሁን ብርቱካን አልበላም።»

ታዲያ ለምን ለኔ ይነግረኛል? ለአጎቴ ይማም ይንገር!

ጥቅምት 28፣ ሐሙስ

ሳውዲዎቹ አፈሳ ጀመሩ። ሬዲዮው ሁሉ ስለ እሱ ነው። በር እየሰበሩ ይገባሉ፣ መንገድ ላይ ይደበድባሉ ይባላል። የፈርሂያ ስልክ ዝግ ነው።

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

ዝግ። ጠዋት ዝግ፣ ማታ ዝግ።

ክፍል ውስጥ ግማሹ ተማሪ የለም። አልታየች የለችም፤ እናቷ ራሷን ስታ ወድቃለች አሉ። የመጡትም እኔን አያዩም፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ካርታ ነው የሚያዩ። አንስቼ ጠቀለልኩት።

እነዚህ ሰዎች ልጆቻችን ያጠቡትን ልብስ ለብሰው፣ ልጆቻችን ያበሰሉትን በልተው ነው በዱላ የሚያባርሯቸው። እኛ በምናምንበት ነቢይ የሚያምኑ ናቸው ደግሞ! ለአንድ ቀን አላህን አይፈሩም? የእኛዎቹስ? ፎቅ ላይ ሆነው መግለጫ ያወጣሉ። ሁለት ሰዓት ተኩል ነው እኮ! ሄደህ ልጅህን አምጣ!

አጎቴ ይማም መስጊድ ውለው ያድራሉ። ፊታቸው ተጨማደደ። ዛሬ ሳያዩኝ ሲያልፉ «ያ ረብ፣ በኔ ይሁን» ሲሉ ሰማኋቸው። ምኑ ነው በሳቸው የሚሆነው?

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

በሰው ስልክ ደወለች! በሕይወት አለች። አንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ከብዙ ሴቶች ጋር ታጉራለች። መሬት ላይ ይተኛሉ። የአውሮፕላን ተራ እየጠበቁ ነው።

«አመመሽ? መቱሽ?»

«ደህና ነኝ። ዕቃዬን ወሰዱት።»

«እማ ሰላም ብላሻለች» አልኳት። ከአፌ ወጣ፤ ለምዶብኝ ነው።

ስልኩ ውስጥ የሴቶች ጫጫታ ብቻ ይሰማ ነበር። «አህመዲን» አለች። «ስልኩ የሰው ነው» ብላ ዘጋችው።

ኅዳር 21፣ ቅዳሜ፣ አዲስ አበባ

ቦሌ አጥሩ ሥር ሁለት ቀን ሆነኝ። የመጣው ሰው ብዛት! አውሮፕላኑ በወረደ ቁጥር ሁሉም ይነሣል፣ ይጋፋል፣ ይቀመጣል። አጎቴ ይማም ስነሣ እጄን ይዘው አስምለውኛል። በመንገድ ምንም እንዳትነግራት። ብትጠይቅህ ደህና ናት በል። ሌሊት አስገባት፣ ጎህ ሲቀድ እኛ እንነግራታለን።

ኅዳር 23፣ ሰኞ፣ ደሴ

ትናንት ወጣች። አላወቅኋትም። አባያዋ ተቀዷል፣ ነጠላ ጫማ አድርጋለች፣ በእጇ አንድ ፌስታል። ልስማት ስል ግንባሯን ትከሻዬ ላይ አሳረፈችና ብዙ ቆየች። አላለቀሰችም።

ዛሬ ከአዲስ አበባ ደሴ ቀኑን ሙሉ በመኪና። ነገ ደግሞ ወደ መካነ ሰላም ሌላ ቀን። ስለ መንገዱ፣ ስለ ቤቱ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ አወራኋት። ትሰማለች። ስለ እማ አንድ ቃል አልጠየቀችም! ሰላም ናት ወይ? ቆማ ትሄዳለች ወይ? አንድ ቃል! መልሴን አዘጋጅቼ ነበር፣ ደህና ናት፣ እየጠበቀችሽ ነው ልላት። ደሴ ገብተን ፒያሳ በአንድ ሱቅ ስናልፍ ሆን ብዬ «ለእማ ምን እንግዛላት?» አልኩ።

ቀና ብላ ዓይኔን አየችኝ። «ተወው በቃ፣ ወንድሜ» አለች።

ተናድጄ እራቴን አልበላሁም። አሁን አልጋዋ ላይ ተኝታለች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች። እንቅልፍ አልወሰዳትም፣ ትንፋሿን አውቀዋለሁ።

ኅዳር 25፣ ረቡዕ

ትናንት በጨለማ አስገባኋት፣ አጎቴ ይማም ቤት። «እማ ዘንድ ነገ» ስላት «እሺ» አለች።

ጎህ ሲቀድ መጡ። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ሴቶቹ በጓዳ በር። ጎረቤታችን ወርቄ ክርስቲያን ናት፤ እሷም ውኃ በጣሳ ይዛ ቆማለች። አክስቴ ፋጢማ ከሰው ጀርባ ተደብቃለች። አጎቴ ይማም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ፈርሂያ ልጄ፣ ሁሉም ከአላህ ነው፣ ወደሱም ነው...»

«አንቱ አጎቴ፣ አይድከሙ» አለች። «እኔ እማን በጥቅምት ቀብሬያታለሁ።»

«ማን ነው የነገረሽ?» አሉ አጎቴ። ዓይናቸው እኔን ፈለገ። እኔ አይደለሁም! ወላሂ እኔ አይደለሁም!

«ማንም አልነገረኝ። እማ በስልክ ቀስ ብላ ተናግራ አታውቅም። ያን ቀን ቀስ ብላ አናገረችኝ።»

ከኋላ አክስቴ ፋጢማ ጮኸች። ልትይዛት የመጣችው ወድቃ፣ ፈርሂያ ናት ተነሥታ የያዘቻት። የወርቄን ውኃ የረጨችውም እሷ ናት። አጎቴ ይማም እንደተቀመጡ በጋቢያቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

በኋላ ብቻችንን ስንሆን፣ «ማን ያዘሽ ታዲያ? ያኔ?» አልኳት።

«የልብስ ማጠቢያ ክፍል አለ። ማሽኑን ባዶውን ከፈትኩና አለቀስኩ። ጩኸት አለው።»

«አውቀሽ ለምን ዝም አልሽ?»

«ትነግረኛለህ ብዬ» አለች።

ኅዳር 27፣ ዓርብ

አዲሱን ቤት አሳየኋት። ዞር ዞር ብላ አየችው። «በሩ ያምራል» አለች። «እማ አልመረጠችውም እንጂ።» ውስጥ አልገባችም። አጎቴ ይማም ቤት ከአክስቴ ፋጢማ ጋር ነው የምታድረው።

ከሰዓት መቃብሩን አሳየኝ አለች። አጎቴ ይማም ሴት መቃብር አትሄድም አሉ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ድሮው አልነበረም። ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች። ተከተልኳት።

መንገድ ላይ ቆመች። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። ለአረፋ ስልኩ ሲቆረጥ እማ ምን ነበር ያለችኝ?»

ልናደድ ፈለግሁ። በኔትወርኩ፣ በአጎቴ፣ በእንግዳው ሁሉ። አንዱም አልመጣልኝም።

«ነይ» አልኩ። «ነይ ነው ያለችሽ።»

«ሰምቻታለሁ» አለች። «ጥርት ብሎ ነው የተሰማኝ። ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር አወጣሁ። ጠዋት እጄን ልሰጥ። ማታ አንተ ኢድ ሙባረክ ነው አልከኝ። ወንድሜ አይዋሸኝም፣ ጆሮዬ ነው አልኩና መልሼ አስገባሁት።»

ከዚያ ወደፊት ሄደች።

ቁልቋሉ ጋ ስንደርስ መቃብሩን በእጄ ጠቆምኳት፤ እኔ አልገባሁም። ወደ ድንጋዩ ተጠግታ ቆመች። አልተቀመጠችም፣ አላለቀሰችም። ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ባላት ኃይል ጮኸች።

«እማ! ትሰሚኛለሽ ወይ! መጥቻለሁ!»

የእማ ድምፅ ነው። ቁርጥ የእማ። ቀስ በይ፣ ሥሯ ነሽ ልላት አፌን ከፈትኩ። ከአፌ ግን ምንም አልወጣም።

ከታች ማሳ ጤፍ የሚያጭድ ሰው ወገቡን ቀና አድርጎ፣ ማጭዱን እንደያዘ አየን። «ምነው እንዲህ ትጮኻለች?» አለኝ። «መቃብሩ እግሯ ሥር አይደለም እንዴ?»

«ሩቅ ነው» አልኩት።